የባኮ ወንጭፍ በመርከብ መድፍ ላይ

አምቦ ተወልጄ አድጌ የመርከብ መድፈኛ ነበርኩ ስል ሰው ይስቅብኛል። መርከቡ ደንዲ ሐይቅ ላይ ነበር ወይስ ጉደር ወንዝ ላይ ብለው ይጠይቁኛል። እነሱ ስቀው ሲጨርሱ የእኔ ደም መፍላት ይጀምራል። ቁጣ ከአባቴ የወረስኩት ብቸኛ ርስት ነው። አባቴ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበር። እኔንም ከጎኑ አስቀምጦ ወረቀት ሊያስገለብጠኝ ሲያስብ፣ ባሕር ኃይል ወጣቶችን ይቀበላል የሚል ወሬ ሰማሁ። ባሕር ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ከአባቴ ጠረጴዛ ሩቅ መሆኑን ግን አውቅ ነበር፤ እሱ በቃኝ።

ይህ የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ምጽዋ ስደርስ ከእኛው አገር የመጣ ሌላ ሰው አገኘሁ፣ የባኮ ልጅ። አማርኛውን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ስለሆነ ቃል እየመረጠ ቀስ ብሎ ነበር የሚናገረው፤ በኦሮምኛ ከሆነ ግን የሚያስቆመው የለም። እኔ ያደግሁት ሁለቱንም እየቀላቀልኩ ስለነበር በአንድ ቀን ተግባባን። እኔ ቶሎ እቆጣለሁ፣ እሱ ከነጭራሹ አይቆጣም። ብዙ ጊዜ የእኔንም ድርሻ ዝም የሚለው እሱ ነበር።

ይህ ሰው ያደገው ማማ ላይ ነው። ባኮ ሞቃት አገር ነው፤ ማሽላው ፍሬ ሲይዝ የወፍ መንጋ ይወርድበታል። ስለዚህ እርሻው መካከል አራት ግንድ ይተከልና በላዩ ላይ እንጨት ተረብርቦ መቆሚያ ይሠራል። ጠባቂው እዚያ ላይ ቆሞ በወንጭፍ የጭቃ ድቡልቡል እየወረወረ ወፉን ያባርራል። ሌላው ሰው ያባርራል፤ ወዳጄ ግን ይመታ ነበር። ዘዴውን ያስተማሩት አባቱ ናቸው። «ወፏ ያለችበት ላይ ከወረወርክ የምትመታው የነበረችበትን ነው፤ ከፊቷ ጣልና ራሷ ትምጣበት» ይሉት ነበር አባቱ። ይህን ሲነግረኝ የሱን የእጅ እንቅስቃሴ እያየሁ ነበር፤ ወንጭፍ ሳይኖረው እንኳ የእጁ አንጓ ወደ ፊት ይቀድም ነበር።

መድፍ ሲባል ሰው የሚያስበው አፈሙዙን ነው። መድፈኛ ግን የሚያስበው አፈሙዙን የተሸከመውን ብረት ነው፤ መድፉ የሚዞርበትን፣ የሚነሣበትንና የሚወርድበትን፣ ሰውም የሚቀመጥበትን። እኛ መንበር እንለው ነበር። አስተማሪያችን በትልቁ ጦርነት ጊዜ መርከብ ላይ የተዋጋ የውጭ አገር ሰው ነበር፤ አንድ ጆሮው አይሰማም። መድፉ ራሱ ያን ያህል አልተለወጠም፣ የተለወጠው መንበሩ ነው ይለን ነበር፤ ሰውን ከመርከብ ላይ ጠርጎ የሚጥለው አውሮፕላን እየፈጠነ በመጣ ቁጥር መንበሩም ለመድረስ ሲሮጥ ኖረ።

የእኛ መርከብ ላይ የሦስት ዘመን መንበር ነበር። የመጀመሪያው ትንሹ መድፍ ነው፤ አንድ ሰው ሁለቱን ትከሻውን በማቀፊያው ውስጥ አስገብቶ፣ በገዛ ወገቡ እየተሽከረከረ የሚተኩስበት። ሁለተኛው ከፍ ያለው መድፍ ነው፤ በግራና በቀኝ ሁለት ሰው ይቀመጥበታል፤ አንዱ መዘውር እየጠመዘዘ ወደ ጎን ያዞራል፣ አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች ያደርጋል። በሁለቱም ላይ ማነጣጠሪያው አንዱ ባንዱ ውስጥ የገባ የሽቦ ቀለበት ነው። አውሮፕላኑን መካከሉ ላይ አታስቀምጠውም፤ እንደ ፍጥነቱ በዳርኛው ቀለበት ላይ ታደርገውና ከፊቱ ትተኩሳለህ። ሌሎቹ ይህን ለመረዳት ወራት ፈጀባቸው። ወዳጄ የመጀመሪያው ቀን ላይ ወደ እኔ ዞሮ፣ ይሄማ ማሽላ ጥበቃ ነው አለኝ።

ሁለታችን በሁለተኛው መንበር ላይ ተመደብን፤ እኔ የጎኑን መዘውር፣ እሱ የከፍታውን። ሁለት ሰው በአንድ መድፍ ላይ ካልተግባባ መድፉ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል። እኛ ግን በኦሮምኛ ነበር የምንነጋገረው፤ ቢታ ሲለኝ ወደ ግራ፣ ሚርጋ ሲለኝ ወደ ቀኝ አዞራለሁ። አለቃችን ምን እንደምንባባል ባይገባውም አውሮፕላን ለኢላማ እየጎተተ የሚያመጣልን ከረጢት ሲበጣጠስ ያይ ነበርና ምንም አላለንም። ያን ጊዜ ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ከዚያ ሦስተኛው መንበር ሥራ ጀመረ። እሱ ላይ የሚቀመጥ አነጣጣሪ የለም። መድፉ በዘይት ግፊትና በኤሌክትሪክ ብቻውን ይዞራል፤ ዙሪያውን በብረቱ ወለል ላይ ቢጫ ክብ ተቀብቶ ነበር፤ ክቡን ያለፈ ሰው መድፉ ሳያስጠነቅቀው ዞሮ ወገቡን ይሰብረዋል። አነጣጣሪው ራቅ ብሎ፣ እንደ ብስክሌት መሪ ያለ እጀታ ባለው አንድ ምሰሶ ኋላ ይቆማል። እጀታውን ሲያዞር መድፉ እዚያ ማዶ አብሮት ይዞራል። የምሰሶው ማነጣጠሪያ ደግሞ በውስጡ እንደ እንዝርት የሚሾር ጎማ አለው። ጎማው አውሮፕላኑ ምን ያህል እየፈጠነ እንደሚያልፍ ከእጅህ አዟዟር ያውቃል፤ ከፊቱ ምን ያህል መተኮስ እንዳለበትም እሱ ራሱ አስልቶ መድፉን ያስቀድመዋል። የአንተ ሥራ በማነጣጠሪያው ውስጥ የሚታየውን መስቀል ከኢላማው ላይ አስቀምጦ፣ ሳይንቀጠቀጡ፣ አብሮ መሄድ ብቻ ነው።

አለቃችን እጀታውን ለወዳጄ ሰጠው። በመርከቡ ላይ የእሱን ያህል ለስላሳ እጅ አልነበረም፤ አዲሱ ማነጣጠሪያ ደግሞ የሚንቀጠቀጥ እጅ አይወድም። እኔ ከጎኑ እንድቆም ተደረገ። በግራ እጄ ርቀቱን የሚሞላውን ቁልፍ አዞራለሁ፤ በቀኝ አውራ ጣቴ ሥር ደግሞ ተኩሱን የሚያቋርጥ ቀይ ቁልፍ አለ። ጥይቱ ወደማይገባበት ከሄደ እኔ እጫነዋለሁ። ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር።

በአዲሱ መንበር የመጀመሪያው ተኩስ ዕለት አውሮፕላኑ ከደሴቶቹ በኩል መጣ። ከኋላው በረጅም ሽቦ ቀይ የጨርቅ ከረጢት ይጎትታል፤ የምንተኩሰው ከረጢቱን ነው። ከከረጢቱ ኋላ ቢሳት ምንም አይደለም፣ ጥይቱ ባሕር ይገባል። ከከረጢቱ ፊት ከሆነ ግን ሽቦው አለ፤ ከሽቦው ፊት ደግሞ ሰው አለ። ወዳጄ እጀታውን ያዘና መከተል ጀመረ። ተኮሰ። የእኛ ጥይት በየመካከሉ ብርሃን የሚተው ስላለበት የት እንደሚሄድ በዓይን ይታያል። ብርሃኑ ከከረጢቱ ፊት አለፈ።

ይህን ጊዜ ሌላ አገር ያደገ ሰው ቢሆን እጁን ወደ ኋላ ይመልስ ነበር። ማማ ላይ ያደገ ሰው ግን ከሳተ አንድ ምክንያት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ዘግይቷል። ስለዚህ ይበልጥ ይቀድማል። ጎማው ቀድሞለት ሳለ እሱ በላዩ ላይ የራሱን ጨመረበት፤ በሳተ ቁጥር ደግሞ አበዛው። ብርሃኑ በሽቦው ላይ እንደሚራመድ ነገር ወደ አውሮፕላኑ ሲወጣ አየሁ። ቀዩን ቁልፍ እስኪነቀል ድረስ ተጫንኩት።

መድፉ ዝም አለ። በሬዲዮው የአብራሪው ድምፅ መጣ፤ አልጮኸም። «ጥይታችሁ በመስኮቴ በኩል ሲያልፍ አይቼዋለሁ» አለና ወደ ምድር ተመለሰ። ወዳጄ እጀታውን አልለቀቀም ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቅሁለት እኔ ነኝ።

በማግስቱ አብራሪው መርከቡ ድረስ መጣ። ከእኛ እምብዛም የማይበልጥ ወጣት መኮንን ነበር። የተኮሰው ማን እንደሆነ ጠይቆ፣ ወዳጄ ፊት ቆሞ ለረጅም ጊዜ አየው። ይሰድበዋል ወይም በጥፊ ይለዋል ብዬ ነበር። አገሩን ብቻ ጠየቀው። ባኮ፣ ጌታዬ፣ አለው። መኮንኑ ራሱን ነቀነቀና፣ «ለሚቀጥለው ተኩስም ከረጢቱን የሚጎትት ሌላ ሰው የለም፤ እኔው ነኝ» ብሎ ሄደ። ቢሰድበው ይሻል ነበር። ወዳጄ ለብዙ ቀን እህል አልቀምስ አለ።

አስተማሪያችን ሥዕል ሥሎ፣ አስተርጓሚው ጉሮሮው እስኪደርቅ ተርጉሞ አስረዳው። ወዳጄ ገብቶት ነበር። የሚያስቸግረው ይህ ነው፤ ጭንቅላቱ ገብቶታል፣ እጁ አልገባውም። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ። አለቃችን ዓመታዊ ዕረፍታችን መድረሱን አይቶ፣ ሂዱና አገራችሁ አርፋችሁ ኑ አለን። ስንመለስ አንድ ተኩስ ይሰጠናል፤ እዚያ ላይ እጁ ካልታረመ ወዳጄ ከመድፍ ይነሣል። ለእኔ ደግሞ ለብቻዬ ጠርቶ የነገረኝ ነገር አለ። በዚያ ቀን አውራ ጣትህ ከዘገየች ለሚሞተው ሰው የምትጠየቀው አንተ ነህ አለኝ። እስከ አምቦ ድረስ በመኪና ስንጓዝ አውራ ጣቴን ስመለከት ነበር።

አባቴ ቤት ብዙ አልቆየንም። ከጓሮ የወደቀ የአባቴ ብስክሌት ነበር፤ መሪውን ፈትቼ ወሰድኩት። አባቴ ባሕር ላይ ብስክሌት ይነዳል ወይ ብሎ አላገጠብኝ፤ ይዤው ወጣሁ። በጉደርና በጌዶ በኩል አድርገን ባኮ ገባን።

የወዳጄ አባት ረጅም ቀጭን ሰው ነበሩ። ኦቦ እያልኩ ነበር የምጠራቸው። ልጃቸውን አቅፈው፣ እኔን አካም ጅርታ ብለው ጠይቀው ገና ሳንቀመጥ፣ ማሽላው ደርሷል፣ ወፉ አላስቀምጥ ብሎናል ብለው ወንጭፉን ለልጃቸው ዘረጉለት። እኔ ከመካከል ገብቼ ወንጭፉን ከእጃቸው ወሰድኩ። ስድ አደግነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ወንጭፉን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ በሽቦው ላይ የሚወጣ ብርሃን ነበር። ልጅዎ ዘንድሮ ወንጭፍ አይነካም፣ ከነካ ሰው ይሞታል አልኳቸው። ሁሉንም ነገር እንደምንም በኦሮምኛ አስረዳኋቸው። ሰሙኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ ወፉንስ ማን ይጠብቃል አሉ።

እኔ እጠብቃለሁ አልኩ። ማማው ላይ ወጥቼ የመጀመሪያውን ጭቃ ስወረውር ወንጭፉ ከኋላዬ ተፈታና ጭቃው የጎረቤት በሬ ጎን ላይ አረፈ። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ፤ ወዳጄም ከስንት ቀን በኋላ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ኦቦ ወንጭፉን ከእኔ ተቀብለው ሰቀሉት። እሳቸው ራሳቸው ጅራፍ ይዘው፣ ጠዋትና ከሰዓት በእርሻው ዳር እየዞሩ እያጮኹ ወፍ ያባርሩ ጀመር። ጅራፍ የወንጭፍን ያህል አይሠራም። ማሽላው በየቀኑ ሲበላ እናይ ነበር፤ እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ አላማረሩም።

እኔ ማማው ላይ መንበር ሠራሁ። አንድ ጉቶ መካከሉን ቦርቡሬ፣ ቀጥ ያለ ምሰሶ አስገብቼ እንዲሽከረከር አደረግሁት፤ በላዩ የአባቴን የብስክሌት መሪ በጠፍር አሰርኩ። ከዚያ መሪው ላይ ሁለት የሽቦ ቀለበት፣ አንዱን ለእሱ፣ አንዱን ለእኔ፤ እሱ በቀለበቱ የሚያየውን እኔም ከጎኑ ሆኜ በእኔው ቀለበት እንዳይ። ሥራው አንድ ነበር። አንዲት ወፍ ስትመጣ ቀለበቱን በላይዋ አድርጎ እስክትጠፋ መከተል። አትቅደም፣ ተከተል፤ ይኸው ነው።

አልሆነም። ወፏ ስትመጣ ጀርባው ይደነድናል፣ እጁ ይዘልላል፣ ቀለበቱ ከፊቷ ይገኛል። አትቅደም እላለሁ። ይመለሳል። ሌላዋ ስትመጣ ያው ነው። ድምፄ እስኪዘጋ ድረስ በሁለቱም ቋንቋ ጮህኩበት። የሚናደድ ሰው ቢሆን ኖሮ ከማማው ላይ ወርውሮ ይጥለኝ ነበር። ቀኑ እያለቀ ነበር፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚሉት ነገር ጠፋኝ። አብራሪው እኔው ነኝ ያለው ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። ለወዳጄ ማዕረግ ሳይሆን ለዚያ ሰው ፈራሁ፤ የወዳጄ እጅ የሰው ደም ይዞ ባኮ እንዳይመለስም ፈራሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት ደክሞን ልምምዱን ትተን ነበር። ወፍ የለም። ወዳጄ ክንዱን መሪው ላይ እንዳስደገፈ ዓይኑ ሩቅ ያያል። እኔ ሳላስበው በቀለበቴ ውስጥ አየሁ። ኦቦ በአጥሩ ሥር እየሄዱ ነበር፤ ቀለበቱ ደረታቸው ላይ ነው። ሄዱ፤ ቀለበቱ አብሯቸው ሄደ። የዚያን ዕለት ጅራፉን አያጮኹም፣ ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት። ዳር ደርሰው ዞሩ፤ ቀለበቱም ዞረ። እንደገና በዚያው መንገድ ተመለሱ። ቀለበቱ ከደረታቸው አልቀደመም፣ አልቀረም። ያን ያህል ጥሩ ክትትል አስተማሪያችንም አላሳየንም።

ወዳጄ ማንን እየተከተለ እንደነበር ድንገት ገባው። መሪውን እንደ ፍም ለቀቀው። በእኛ አገር አባቱ ላይ እጁን ያነሣ ሰው እጁ ይደርቃል ይባላል፤ ይሄ ደግሞ እጅ ሳይሆን የመድፍ ማነጣጠሪያ ነው። ሽቦና የብስክሌት መሪ ነው ብሎ ማንም አያጽናናውም። «ማሎ፣ ይህን አላየህም። ለማንም አታንሣው፤ ለእኔም ደግመህ አታንሣብኝ» አለኝ። ማሎ ማለት እባክህ ማለት ነው፤ ከዚያ በፊት ለምኖኝ አያውቅም። ቃል ሰጠሁት።

ቃል ብሰጥም ያየሁትን አይቻለሁ። የወዳጄ እጅ የሚቀድመው ሊመታ ሲፈልግ ብቻ ነው። መምታት በማይፈልገው ነገር ላይ አይቀድምም። ይህን በቃላት ልነግረው አልችልም ነበር፣ ምክንያቱም ለመንገር አባቱን ማንሣት ሊኖርብኝ ነው። የቀሩትን ቀናት ሁሉ ምላሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። እሱም ከዚያ በኋላ ወደ ማማው አልወጣም አለኝ። እንዲህ ሆነን ምጽዋ ተመለስን።

የመጨረሻው ተኩስ ዕለት አለቃችንና አስተማሪያችን ከኋላችን ቆሙ። ወዳጄ እጀታውን ያዘ። እኔ አውራ ጣቴን ቁልፉ ላይ አደረግሁ። አውሮፕላኑ ከረጢቱን እየጎተተ መጣ። ተኩስ ተባለ። የመጀመሪያው ብርሃን ከከረጢቱ ፊት፣ ከሽቦው ጎን አለፈ። ሁለተኛውን አልጠበቅሁም፤ ተጫንኩት።

አለቃችን ተነፈሰ። አስተማሪያችን ኮፍያውን አወለቀ። ያለቀ መስሎን ነበር። ሬዲዮው ላይ ግን የዚያ አብራሪ ድምፅ መጣ፤ ነዳጅ አለኝ፣ አንድ ጊዜ ዞሬ ልምጣ አለ። ማንም አላዘዘውም። አለቃችን ሊከለክል ሲል አስተማሪያችን እጁን ያዘው። አውሮፕላኑ በሩቁ ክንፉን አዘንብሎ መዞር ጀመረ።

እስኪመለስ ድረስ ያለው ጊዜ አጭር ነበር። ወዳጄን አየሁት። እጀታው ላይ ያለው እጁ እንደ እንጨት ደርቋል። ማማው ላይ የነበረውን ጀርባ አወቅሁት፤ አሁንም ሊመታ ነው የሚፈልገው፣ ከበፊቱ ይበልጥ። ቃል ሰጥቼዋለሁ። አብራሪው ደግሞ እየመጣ ነው። ወደ ጆሮው ጠጋ አልኩና በኦሮምኛ፣ «አባትህ በአጥሩ ሥር ሲሄዱ እንደተከተልካቸው ተከተለው» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። ሰው ጠላቱን እንኳ እንዲያ አያይም። ከዚያ ፊቱን ወደ ማነጣጠሪያው መለሰ፤ ጀርባው ቀስ እያለ ሲለቅ አየሁ። አውሮፕላኑ ከፊታችን ደረሰ። መድፉ እዚያ ማዶ በዝምታ ይዞራል፤ እሱ እንደሚሄድ ሰው ጥላ ከረጢቱን ይከተላል። ለረጅም ጊዜ አልተኮሰም። ከዚያ ተኮሰ። ብርሃኑ በቀጥታ ቀዩ ጨርቅ ውስጥ ገባ፤ ሌላው ተከተለው፣ ሌላውም። ከረጢቱ ተቀድዶ እየተገለባበጠ ባሕር ውስጥ ወደቀ። አውሮፕላኑ ባዶ ሽቦውን እየጎተተ በላያችን አለፈ፤ ክንፉን አንድ ጊዜ ነቀነቀልን። እኔ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ወዳጄ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ከሥራ በቀር አላናገረኝም። በአንድ ምሰሶ ጎን ቆመን እንሠራለን፣ በሥራ ቋንቋ እንነጋገራለን፤ በኦሮምኛ ግን አንዲት ቃል አልወጣውም። ሁለታችንም ያንን መንበር ይዘን ቀረን፤ እሱ ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ ከከረጢቱ ፊት አልተኮሰም። ተሳክቶልኝ ወዳጄን አጣሁ። በቁጣዬ ብዛት ብዙ ሰው ያስቀየምኩ ሰው ነኝ፤ እንዲያ ግን ከፍቶኝ አያውቅም።

የሚቀጥለው ዓመት ዕረፍት ሲደርስ መጥቶ ከፊቴ ቆመ። ለአባቴ ልነግራቸው ነው፣ አንተም አይተሃል፣ ምስክሬ ነህና ትመጣለህ አለኝ። ሳልጠይቅ ሻንጣዬን አነሣሁ።

ባኮ ስንደርስ ያው የማሽላ ወቅት ነበር። ኦቦ ሸምግለዋል፤ በትር ይዘዋል። ወንጭፉን ለልጃቸው ሲዘረጉ እኔን አዩኝ፤ ዘንድሮስ ይፈቀዳል ወይ እንደማለት ነው። እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ። ወዳጄ ማማው ላይ ወጣ። ወፎቹ መጡ። አዙሮ ወረወረ፤ ጭቃው ከወፏ ኋላ አለፈ። ደግሞ ወረወረ፤ አሁንም ከኋላ። ዓይኑ ወፏ ላይ ነው፣ እጁም ወፏ ያለችበት ላይ ነው የሚሄደው። የነበረችበትን ነበር የሚመታው። አባቱ ከታች ሆነው እያዩ ነበር። ወፎቹ ማሽላው ላይ አርፈው መልቀም ጀመሩ።

ወዳጄ ወረደ። አባቱ እጅህን ምን ነካው ብለው ጠየቁት። እሱም መሬት መሬት እያየ ሁሉንም ነገራቸው፤ ስለ አብራሪው፣ ስለ ሽቦው፣ ስለ ብስክሌቱ መሪ። መጨረሻ ላይ በእሳቸው ላይ እንዳነጣጠረ ነገራቸው። ያንን ሲል አለቀሰ። እኔ አዎ፣ አይቻለሁ አልኩ።

ሽማግሌው መጀመሪያ የጠየቁት አንድ ነገር ነው።

«ሰውዬው በሰላም ወረደ?»

«ወርዷል» አለ ልጃቸው።

«እንግዲያ ምን ያስለቅስሃል፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ? ይሄ ወዳጅህ ሳምንት ሙሉ አትቅደም፣ ተከተል እያለ ሲጮህብህ ከታች ስሰማ ነበር። የዚያን ቀን የሽቦው ቀለበት ሲከተለኝ አየሁት። እጅህ እንዲለምድ ብዬ ነው ጅራፉን አስቀምጬ ቀስ ብዬ የሄድኩት። ተመልሼም የዞርኩት ለዚያ ነው።»

ወዳጄ ቀና ብሎ አየኝ። ከዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነው። በኦሮምኛ የሆነ ነገር ሊለኝ ፈልጎ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ አልወጣለትም። ኦቦ ወንጭፉን ከልጃቸው እጅ ወሰዱ። በትራቸውን ለእኔ ሰጥተው፣ በእንጨቱ ላይ አንድ በአንድ እየረገጡ ወደ ማማው ወጡ። ሁለታችን ከታች ተንበርክከን ጭቃ እያድቦለቦልን እናቀብላቸው ጀመር።